ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚወስነው ማን ነው?

በጊዳ አያና ለጤና ባለሙያዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



የዚህ መድረክ አዘጋጆች ግብዣውን ሲያቀርቡ የጠየቁት ስለ ነርስ አገልግሎት እንዲነገር ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ዲስኩሩ ጠበብ ያለ፣ ግን የሰው ሕይወት የሚያልፍበትን አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል። አንድ አዋቂ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ፣ የውስጥ ደዌ ታካሚም ይሁን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ አልጋው አጠገብ የምትቆመው ነርስ ምን ምን ትወስናለች? ውሳኔዋስ ሰው እንዲያድን ምን ያስፈልገዋል?

ብዙ ሰው ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ይወስናል፣ ነርሷ ታስፈጽማለች ብሎ ያስባል። መድኃኒት የሚያዘው፣ ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው ሐኪም መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ጠዋት ዋርዱን ዞሮ ከጨረሰ በኋላ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ወይም ወደ ተመላላሽ ታካሚዎች ይሄዳል። ቀሪዎቹ ሰዓታት የነርስ ናቸው። ከ30 አልጋ መጀመሪያ የትኛው ጋ ልሂድ? ይህን መርፌ አሁን ልስጠው ወይስ ላቆየው? ይህ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ነው ወይስ ራሱን እየሳተ ነው? ሐኪሙን ከእንቅልፉ ልቀስቅሰው ወይስ እስኪነጋ ልጠብቅ? እነዚህን የሚጽፍላት የለም፤ የትኛውም የትእዛዝ ወረቀት ላይ አይገኙም። ግን ውሳኔዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ በቢላ ከሚወስነው አያንሱም።

እንግዲህ ዲስኩሩ ደጋግሞ የሚመለስበት ሐሳብ ይህ ነው። ነርስ ትወስናለች። ውሳኔዋ ሰው እንዲያድን ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ በቁጥር የተጻፈ ምልከታ፣ ያለ ፍርሃት ሐኪም የመጥራት መብት፣ ሲጠሩትም የሚመጣ ሰው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ብዙ አይጠቅሙም።

በመጀመሪያ፣ ጉዳዩ ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠው ለምን እንደሆነ እንይ። በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ትልቅ ጥናት ታትሟል። በ25 የአፍሪካ አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ11 ሺህ በላይ አዋቂዎች የተከታተለ ጥናት ነው። ታካሚዎቹ በሌላው ዓለም ካሉት ይልቅ በዕድሜ ወጣት፣ ተጓዳኝ ሕመማቸውም ያነሰ ነበር። ሆኖም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመሞት ዕድላቸው ከዓለም አማካይ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ከሞቱት ውስጥ ከመቶ 94ቱ የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ከተደረገበት ቀን በኋላ ነው። ኦፕራሲዮኑ አልቆ፣ ቁስሉ ተሰፍቶ፣ ቤተሰብ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ወጣ" ብሎ ከተመለሰ በኋላ ማለት ነው። ሞቱ የመጣው ዋርድ ውስጥ ነው። ዋርድ ውስጥ ደግሞ ያለችው ነርስ ናት።

ለወለጋ ሰው ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ነቀምቴ በአገራችን የነርስ ሙያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከሚነሳ ከተሞች አንዷ ናት። ከስዊድን በመጡ ሚሲዮናውያን የሕክምና ሥራ የተጀመረባት፣ በኋላም በተፈሪ መኮንን ሆስፒታል ነርሶች የሠለጠኑባት ከተማ ናት። ከዚሁ ጋር አንድ ስም አብሮ ይነሳል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር፣ ለንደን፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት ሠልጥነው፣ በጋይስ ሆስፒታልም ሠርተዋል። ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው አቢይ አበበን አገቡ፤ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙም አብረው ወደ ነቀምቴ መጡ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ ሳሉ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው ነቀምቴ አረፉ። በስማቸው አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው፤ እሱም ነርሶች ይሠለጥኑበት ነበር።

ይህን ታሪክ እዚህ ማንሳት ያስፈለገው ለክብር ብቻ አይደለም። ልዕልቲቱ ራሳቸው በጊዜው ከነበረው የተሻለ የነርስ ሥልጠና የወሰዱ ሰው ነበሩ። ዕውቀት በቤቱ ነበረ። ዕውቀት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከበው የሚደግፉት ያስፈልጉታል፤ በሰዓቱ የሚደርስ ደም፣ በሰዓቱ የሚደርስ ቀዶ ሐኪም፣ በሰዓቱ የሚያልፍ መንገድ። በዚህ ዲስኩር "ነርስ ትወስናለች" ሲባል ሸክሙ ሁሉ በእሷ ትከሻ ይጫን ማለት አይደለም። ውሳኔዋን የሚቀበል እጅ ሊኖር ይገባል ማለት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ የመጀመሪያው ምልከታ ነው። አንድ ታካሚ እናስብ። ስም አያስፈልገውም፤ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሁሉ እሱን የመሰለ ሰው ታውቃላችሁ። ዕድሜው 45፣ ክብደቱ 60 ኪሎ፣ ከአንገር ሸለቆ የመጣ ገበሬ ነው። ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይነ ምድርም አየርም አልወጣ ብሎት ሁለት ቀን ቤቱ ቆይቶ ነው የደረሰው። ትልቁ አንጀቱ ተጠማዝዟል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የሚታይ ሕመም ነው። የሞተው የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ጤነኛው ከጤነኛው ጋር ተሰፋ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የቀን ተረኛዋ ለሌሊት ተረኛዋ ስታስረክብ የልብ ምቱ 88፣ ትንፋሹ በደቂቃ 18፣ የደም ግፊቱ 120 በ80 ነበር። ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የልብ ምቱ 104፣ ትንፋሹ 22፣ ግፊቱ 115 በ75 ሆነ። ግፊቱን ብቻ ላየ ሰው አሁንም ደህና ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የልብ ምቱ 118፣ ትንፋሹ 28፣ ግፊቱ 100 በ60። በካቴተር ከረጢቱ ውስጥ ባለፉት አራት ሰዓታት የተጠራቀመው ሽንት 60 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ አዋቂ በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሊትር መሽናት ስላለበት፣ ይህ ሰው በአራት ሰዓት 120 መሙላት ነበረበት። ግማሹን ነው ያገኘነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ቀድሞ የተናገረው የትኛው ነው? ትንፋሽና የልብ ምት ናቸው። የደም ግፊት እስከ መጨረሻው ይታገላል፤ ሰውነት ደም ሥሮቹን አጥብቦ፣ ልቡን አፍጥኖ ግፊቱን ለመያዝ የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል፤ ግፊቱ ሲወድቅ አቅሙ አልቋል ማለት ነው። ትንፋሽ ግን ቀድሞ ይናገራል። ሆኖም በየዋርዱ ከሚለኩት ነገሮች በጣም የሚናቀው እሱ ነው። በብዙ ቻርት ላይ ትንፋሽ 20፣ ቀጥሎም 20፣ ቀጥሎም 20 እየተባለ ይወርዳል። የደም ግፊት መለኪያ አለው፣ ሙቀት ቴርሞሜትር አለው፣ ትንፋሽ ግን ዓይንና አንድ ሙሉ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ያችን ደቂቃ መስጠት ነው የከበደው።

ልምድ ያላት ነርስ እንዴት እንደምትቆጥር ተመልክታችሁ ይሆናል። "አሁን ትንፋሽህን ልቆጥር ነው" አትልም፤ ታካሚው ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። እጁን ይዛ የልብ ምት የምትቆጥር መስላ፣ ጣቶቿን ከአንጓው ሳታነሳ፣ ዓይኗን ወደ ደረቱ ታደርጋለች። ብርድ ልብሱ ከፍ ሲል አንድ፣ ከፍ ሲል ሁለት። የግድግዳው ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪ አንድ ዙር እስኪጨርስ አትናገርም። አስታማሚው ሊያዋራት ቢሞክር እንኳ በእጇ ምልክት ትሰጠዋለች እንጂ አፏን አትከፍትም። 28።

የብሪታንያ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2012 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ አለ። ትንፋሽን፣ የኦክስጅን መጠንን፣ ግፊትን፣ የልብ ምትን፣ ሙቀትንና ንቃትን ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል፤ ከመደበኛው በራቀ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። ከላይ ያየነውን ገበሬ በሦስቱ ልኬቶች ብቻ ብንሰፍረው ከምሽቱ 12 ሰዓት 0 ነበር፤ 4 ሰዓት ላይ 3፤ 8 ሰዓት ላይ 7። በዚያ ዘዴ 5 ሲደርስ ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራል፤ 7 ሲደርስ ድንገተኛ ነው። ዘዴው ምንም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ የሚቆጥር ሰው ይበቃዋል። አንድ አስጊ ነገር ግን አለ፤ ነጥቡን ለመደመር ሲባል ታካሚውን ማየት እንዳይረሳ። ሆዱን ዳስሳ እንደ እንጨት ጠንክሮ ያገኘችው ነርስ ነጥቡ ምንም ይበል ምን መጥራት አለባት።

ሁለተኛው ጉዳይ መጥራት ነው። በእርግጥ ከሌሊቱ ውሳኔዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ተኝቷል። ነርሷ ወጣት ናት፤ ምናልባት ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከነቀምቴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ከተመረቀች አንድ ዓመት አልሞላትም። ብትደውልና ነገሩ ቀላል ሆኖ ቢገኝስ? ባትደውልና ቢነጋስ? ይህን ጭንቀት የማያውቅ የሌሊት ተረኛ የለም።

ስልኩ ላይ የሚባለው ነገር ብዙ ይወስናል። "ይቅርታ ዶክተር፣ ሰባት ቁጥር ትንሽ ደክሞታል" ብትለው፣ "እሺ፣ ግሉኮስ ጨምሩለት፣ ጠዋት አየዋለሁ" ማለቱ አይቀርም። በሐኪሙ አይፈረድም፤ የሰማው ድካም ነው። እንዲህ ብትለውስ?

"ዶክተር፣ ከቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው። አልጋ ቁጥር ሰባት፣ አንጀቱ ተቆርጦ የተሰፋለት የ45 ዓመት ሰው፣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ማታ 12 ሰዓት 18 የነበረው ትንፋሹ አሁን 28 ገብቷል። የልብ ምቱ ከ88 ወደ 118 ወጥቷል። ግፊቱ 100 በ60 ነው። በአራት ሰዓት የሸናው 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ሆዱም ጠንክሯል። ስፌቱ ለቅቆ ኢንፌክሽን እንዳይሆን ሰግቻለሁ። ኦክስጅን ጀምሬለታለሁ፤ ሁለተኛ ካኑላ ገብቶለታል። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።"

ይህን ሰምቶ የሚተኛ ሐኪም የለም። ልዩነቱ የድምፅ ከፍታ አይደለም። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደነበረ፣ አሁን ምን እንደታየ፣ እሷ ምን እንደምታስብ፣ ምን እንደምትፈልግ በቅደም ተከተል ተናግራለች። "ሰግቻለሁ" ስትል ምርመራ ሰጠች ማለት አይደለም፤ ያየችውን አገናኝታ ተናገረች እንጂ። በዚህ ጉዳይ አንዳንድ ሐኪሞች "ነርስ አስተያየት አትስጥ" ይላሉ። ትክክል አይደሉም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ያን ሰው ስታይ ያመሸችው እሷ ብቻ ናት፤ አስተያየቷን መከልከል ያን ሁሉ ሰዓት እንደ ማቃጠል ነው።

የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች እዚህ አዳራሽ ካላችሁ አንድ ጥያቄ ለእናንተ ይሁን። አንዲት ነርስ ሌሊት ደውላ ነገሩ ቀላል ሆኖ ቢገኝ ምን ይደርስባታል? ከተቆጧት፣ በሚቀጥለው ጊዜ እስኪነጋ ትጠብቃለች፤ እሷን አይተው የሌላው ፈረቃ ነርሶችም ይጠብቃሉ። በከንቱ የተደወለ ስልክ የሚያስከፍለው የአንድ ሰው የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ነው። ያልተደወለ ስልክ የሚያስከፍለውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ነርስ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥም ትወስናለች፤ ይህን በአጭሩ እንለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የቀዶ ሕክምና የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ። በስምንት የተለያዩ አገሮች ከተሞች ሲሞከር የሟቾች ቁጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ። በኢትዮጵያም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በጀመረው የአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና ንቅናቄ ውስጥ ዝርዝሩ ገብቷል። ዝርዝሩን ጮክ ብላ የምታነበው አብዛኛውን ጊዜ ነርሷ ናት። ፋሻው ተቆጥሮ አንድ ከጎደለ "ሆዱ አይዘጋም" ማለት አለባት፤ ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰርም ቢሆን።

ሦስተኛው ጉዳይ የውስጥ ደዌ ታካሚዎች ናቸው። እዚህ ላይ ውሳኔው ብዙ ጊዜ ከባህላችንና ከአኗኗራችን ጋር ይገናኛል። ስኳር ያለባቸው አንዲት እናት ተኝተዋል እንበል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኢንሱሊን ታዟል። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ መጠኑም ትክክል ነው። ነርሷ ግን መርፌውን ከመውጋቷ በፊት "እማማ፣ ቁርስ በልተዋል?" ብላ መጠየቅ አለባት። እናቲቱ ጾም ይዘው ይሆናል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ ነገሩን ግን ለሐኪም ያልተናገሩ። ረመዳን ከሆነም እንዲሁ። ወይም ቁርስ የሚያመጣው ልጅ ከገጠር ገና አልደረሰም። ኢንሱሊኑ ሥራውን ሲጀምር ምግብ ሆድ ውስጥ ከሌለ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያልባቸዋል፣ ራሳቸውን ይስታሉ። ከዚህ የሚያድናቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይህችን ጥያቄ የጠየቀች ነርስ መርፌውን አቆይታ ለሐኪም ስታሳውቅ ትእዛዝ ጣሰች አይባልም፤ ሥራዋን ሠራች እንጂ።

ወባንም እናንሳ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ምዕራብ ኦሮሚያ ውስጥ ወባ እንዴት እንደተስፋፋ ለዚህ አዳራሽ መንገር አያስፈልግም፤ ያልነካው ቤት የለም። ከባድ ወባ ይዞት የመጣ አዋቂ የአርቴሱኔት መርፌ ሲጀመርለት በገባበት ሰዓት፣ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም መዋጥ እስኪችል በየቀኑ ይሰጠዋል። የሁለተኛዋ መርፌ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ሌሊት ላይ ይወድቃል። ለነርሷ ግን ዋናው ውሳኔ ሌላ ነው። ታካሚው ሲቀባዥር "ወባው ራሱ ነው" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ከባድ ወባ የደም ስኳርን አብሮ ያወርዳል። ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ወርዶ ከተገኘ በደም ሥር የሚሰጠው ግሉኮስ ሰውየውን ዓይናችሁ እያየ ይመልሰዋል። የተቀባዠረ ሰው ሁሉ ስኳሩ ይለካ።

ስለ ሕመም ስሜትም አንድ ነገር መነገር አለበት። የወለጋ ሽማግሌ ሆዱ ተቀዶ በማግስቱ "እንዴት አደሩ?" ቢባል "ደህና ነኝ፣ ዋቃ ይመስገን" ይላል። ጨዋነት ነው፤ እንዲህ ብሎ ያደገ ሰው ነው። ይህን መልስ ሰምታ "ሕመም የለውም" ብላ የምትጽፍ ነርስ ግን አንድ ነገር አምልጧታል። ሕመም የያዘው ሰው በጥልቅ አይተነፍስም፣ አያስልም፣ ከአልጋው አይነሳም። ሳምባው ውስጥ አክታ ይጠራቀማል፤ እግሩ ላይ ደም ይረጋል። ስለዚህ ጥያቄው "እንዴት ነዎት?" መሆን የለበትም። "ኦቦ፣ እስኪ ትራሱን ሆድዎ ላይ ይያዙና ያስሉ" ተብሎ ፊታቸው ይታያል። ካልቻሉ ማስታገሻው ቀድሞ ይሰጣል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ከአልጋ ይነሳሉ። ማስታገሻ ሳይሰጡ "ይነሡና ይራመዱ" ማለት ጭካኔ ነው፤ ሰጥቶ አለማስነሳትም ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

አራተኛው ጉዳይ የእናንተው ነው፤ የአስታማሚ። በአገራችን አልጋ ሥር አንጥፎ የሚተኛ፣ ምግብ የሚያመላልስ፣ ታካሚውን የሚያገላብጥ፣ ሽንት የሚደፋ ወንድም፣ ሚስት፣ ጎረቤት አለ። አንዳንድ ባለሙያ አስታማሚን እንደ እንቅፋት ያየዋል። መጀመሪያ ላይ የተነሣው የ25 አገሮች ጥናት ባለቤቶች ግን ሁለተኛ ሥራ ሠርተው በ2021 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በ28 የአፍሪካ አገሮች፣ በ332 ሆስፒታሎች የተደረገ ሙከራ ነበር። ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡ ታካሚዎች ተለይተው ቶሎ ቶሎ እንዲለኩ፣ አልጋቸው ከነርሶች ጠረጴዛ እንዲታይ፣ ቤተሰብ አብሯቸው እንዲቆይ፣ ምልክቶቹን የሚገልጽ ወረቀት አልጋቸው አጠገብ እንዲሰቀል ተደረገ። እኛ ከጥንት የምናደርገው አንዱ ነገር በሳይንስ ሙከራ ውስጥ ገባ።

ውጤቱ ግን የተጠበቀው አልሆነም፤ የሟቾች ቁጥር አልቀነሰም። ይህን መደበቅ አይገባም። ምክንያቱ አከራካሪ ነው፤ በዚህ ዲስኩር እምነት ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ማየት ብቻውን አያድንም። ቁጥሩ ተጽፎ የሚጠራ ሰው ከሌለ፣ ተጠርቶም ደም፣ ኦክስጅን፣ አንቲባዮቲክና ቀዶ ሐኪም ካልተገኘ፣ ዓይን መጨመር ሞቱን ቀድሞ ማየት ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ የተባሉት ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው የተባለው ለዚህ ነው።

አስታማሚዎች ሆይ፣ ከእናንተ የሚፈለገው ብዙ አይደለም። ታካሚው ትናንት ያላለውን ሲል፣ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ፣ ፋሻው በአዲስ ደም ሲርስ፣ ሽንት ሲጠፋ፣ ቀን ሆነ ሌሊት ለነርሷ ንገሯት። "ሥራ በዝቶባታል፣ አላስቸግራትም" አትበሉ። የቤተሰብ ዓይን አንዳንዴ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል፤ "አባቴ ዛሬ ሌላ ሰው ሆኗል" የሚል ልጅ ቻርት ባያነብም ያየውን ያውቃል። ሁለት ነገር ግን አታድርጉ። የግሉኮሱን መቆጣጠሪያ አትንኩ፤ ቶሎ ይለቅ ተብሎ የተከፈተ ግሉኮስ ልብ የደከመበትን ሰው ሳምባ በውኃ ይሞላል። "ምንም አይቅመስ" ለተባለ ታካሚ ደግሞ በሶ በጥብጣችሁ አታጠጡት፤ በፍቅር ቢሆንም። ነርሶችም በበኩላችሁ "አይብላ" ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ለምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ አስታማሚው በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ኦሮምኛ ብቻ ለሚናገሩ እናት በአማርኛ የተሰጠ ምክር አልተሰጠም።

ወደ ሪፈር እንምጣ። ከጊዳ አያና ነቀምቴ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ያህል። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው የነበረው አለመረጋጋት መንገዱን ምን ያህል አስቸጋሪ እንዳደረገው ታውቃላችሁ። አምቡላንስ ውስጥ ታካሚውን ይዛ የምትሄደው ነርስ በዚያ መንገድ ላይ ብቻዋን ናት። ስለዚህ ሊወሰን የሚገባው ነገር ከመነሳት በፊት ይወሰን። ሁለት የሚሠሩ ካኑላዎች አሉት? የኦክስጅኑ ሲሊንደር እስከ ነቀምቴ ይበቃል? ሽንት መውጫው ገብቷል? አንቲባዮቲኩ የመጀመሪያው መጠን ተሰጥቷል? የተሰጠበት ሰዓትስ ተጽፏል? ተቀባዩ ሆስፒታል ተደውሎለታል? "ደም የሚሰጥ ዘመድ አብሮ ይሂድ" መባሉን ያስታወሰ አለ? የሪፈር ወረቀት ላይ "ለተሻለ ሕክምና" ብቻ ጽፎ መላክ ለነቀምቴው ባለሙያ ምንም አይነግረውም፤ ታካሚውን ከዜሮ ጀምሮ እንዲመረምር ያስገድደዋል። ሰዓቱና ቁጥሩ የተጻፈበት አንድ ገጽ ግን ተቀባዩን አንድ እርምጃ ወደፊት ያስጀምረዋል።

ስለ ሰው ኃይል ሳይነገር ይህ ርእስ አይጠናቀቅም። በ2002 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ሲያወጣ ለነርስ አገልግሎት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ ነርሷ ታካሚውን እንድትመረምር፣ ችግሩን እንድትለይ፣ ዕቅድ እንድትጽፍ፣ ውጤቱን እንድትገመግም አዟል። መልካም ነው። ግን አንዲት ነርስ ለ30 ሰው ይህን ሁሉ ልትጽፍ አትችልም። በአሜሪካ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንዲት ነርስ አንድ ተጨማሪ የቀዶ ሕክምና ታካሚ በተሰጠ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ያ የአሜሪካ ቁጥር ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ጫና ከዚያ በላይ እንጂ በታች አይደለም።

ነርስ እስኪጨመር ድረስ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ርክክብ ሲደረግ ከ30ው ውስጥ ሌሊቱን ሊብስባቸው የሚችሉ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ይለዩ። ስማቸው በሰሌዳ ይጻፍ፤ አልጋቸው ወደ ጠረጴዛው ይቅረብ፤ እነሱ በየሰዓቱ ይለኩ፣ ሌሎቹ በየአራት ወይም በየስድስት ሰዓቱ። "ሁሉንም እኩል ማየት ፍትሕ ነው" የሚል አለ፤ ለታመመ ሰው ግን ፍትሕ እንደ ሕመሙ መጠን መታየት ነው። ርክክቡም ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቻርት በማገላበጥ ብቻ አይሁን፤ ሁለቱ ተረኞች አብረው አልጋ ለአልጋ ይዙሩ፣ ፋሻውን አብረው ይዩ፣ የሽንት ከረጢቱን አብረው ያንብቡ።

በመጨረሻ የቀረው፣ ታካሚው ወደ ቤት ሲሄድ ያለው ውሳኔ ነው። ያ ገበሬ ስፌቱ ለቅቆ ተገኝቶ በድጋሚ ተከፍቶ፣ ድኖ፣ ከሆስፒታል ወጣ እንበል። ወረቀቱ ላይ "ከ7 ቀን በኋላ ለቁስል ማጠቢያ ይመለስ" ይላል። ክረምት ነው፤ ቤቱ ከአንገር ማዶ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። የምታሰናብተው ነርስ "የት ነው የምትኖረው? በእግር ስንት ሰዓት ነው? ቅርብህ የትኛው ጤና ጣቢያ ነው?" ብላ ጠይቃ፣ ቁስሉ እዚያው እንዲታጠብ በወረቀቱ ላይ ጽፋ፣ ለሚስቱ የመግል ሽታንና መቅላትን አሳይታ ብትልካቸው ያ ሰው ቀጠሮውን ያከብራል። ካልጠየቀች ግን ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ይቀራል።

አሁን መድረኩ ለእናንተ ክፍት ነው። ጥያቄና አስተያየት ከሌሊት ተረኞች ቢጀመር መልካም ነው፤ ከእነሱ ቀጥሎ አስታማሚ ሆናችሁ ያደራችሁ ትናገሩ።